አዲስ ማርሽ በለመደ እጅ

የብስክሌት ማርሽ መለወጫ ሜካኒክስና የልማድ ሳይንስ

ለመሆኑ፣ ለዓመታት ብስክሌት ሲነዳ የኖረ ሰው የማርሽ መለወጫውን ብቻ በሌላ ዓይነት ሲተካ ለምንድን ነው ለሳምንታት እንደ ጀማሪ የሚደናገረው? ጎማው ያው ነው፤ ፍሬኑ ያው ነው፤ ዳገቱና ቁልቁለቱም አልተለወጡም። የተለወጠው በመሪው ላይ ያለ፣ ከአንድ ጣት የማይረዝም ማንሻ ብቻ ነው። አዲሱ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ቢጠየቅ ነጂው አንድም ሳያጎድል ያስረዳል፤ ዳገት ላይ ሲደርስ ግን አውራ ጣቱ የድሮውን ይሠራል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» እንዲሉ፣ እጅም የለመደውን በቀላሉ አይተውም።

ጥያቄው ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁለት የሳይንስ ዘርፎችን በአንድ ቦታ ያገናኛል። አንደኛው ጥርስን፣ ሰንሰለትን፣ ሞላንና ሰበቃን የሚመለከተው ሜካኒክስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንጎል አንድን ተግባር ወደ ልማድ የሚለውጥበትን መንገድ የሚያጠናው ዘርፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተራራ ብስክሌትን ምሳሌ አድርገን ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን። ከዚያም ለብስክሌት ነጂ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ውስጥ አዲስ መሣሪያ ለሚጨብጥ ተማሪም የሚበጅ ቁም ነገር እናገኛለን።

ማርሽ የሚያስታርቀው ምንና ምንን ነው?

የሰው እግር ጥሩ ሞተር ነው፤ ሆኖም ምርጫ ያበዛል። ስፖርተኛ ያልሆነ ጤናማ ወጣት ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው፣ በዋት የሚለካው ኃይል ከ100 እስከ 150 ዋት ገደማ ነው። ይህንንም በተመቸ ሁኔታ የሚሰጠው ፔዳሉ በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ዙር ያህል ሲዞር ነው። ዙሩ ከዚህ በጣም ከዘገየ በየዙሩ የሚያስፈልገው ጉልበት ስለሚበዛ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል። በጣም ከፈጠነ ደግሞ እግሩ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብቻ ብዙ ኃይል ያባክናል። መንገዱ ግን የእግርን ምርጫ አይጠይቅም። የማርሽ ተግባር መንገዱ ቢለዋወጥም እግሩ በሚመቸው ፍጥነት መሥራቱን እንዲቀጥል ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በተሠሩ በርካታ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ከፊት ባለ 22፣ ባለ 32 እና ባለ 44 ጥርስ ሦስት ክቦች፣ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 34 ጥርስ ያላቸው ዘጠኝ ክቦች ይገኛሉ። የፊቱን የጥርስ ብዛት ለኋላው ስናካፍለው፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚነግረንን ውድር እናገኛለን። የባለ 26 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.05 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ (በተለምዶ ካቴና የምንለው) ከፊት በ22፣ ከኋላ በ34 ላይ ሲሆን ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር 1.33 ሜትር ብቻ ይጓዛል። በ44 እና በ11 ላይ ሲሆን ደግሞ 8.2 ሜትር ይጓዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ማርሽ ኃይል አይፈጥርም። በቀላሉ ማርሽ የሚነዳ ሰው በየዙሩ ያነሰ ጉልበት ያወጣል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ብዙ ዙር መዞር አለበት። ጉልበት በርቀት ሲባዛ የሚገኘው ሥራ፣ ሰበቃ የሚወስደውን ትተን፣ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ማርሽ የሚሰጠን ይህን ሥራ በምን ዓይነት ጉልበትና በምን ዓይነት ፍጥነት እንደምንከፍል የመምረጥ መብት ነው።

ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ

አሁን ወደ ዳገቱ እንውጣ። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ነው። ወደ እንጦጦ በእግሩ የወጣ ሰው እንዲህ ያለውን ዳገት በሚገባ ያውቀዋል። የመሬት ስበት ብስክሌቱን ቁልቁል የሚጎትትበት ጉልበት 83 ኒውተን ይሆናል። ነጂው 150 ዋት ቢያወጣና ሌላውን መከላከያ ሁሉ ብንተወው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.8 ሜትር ይሆናል። ይህም በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ማለት ሲሆን ከፈጣን የእግር ጉዞ ብዙም አይበልጥም።

ይህ ነጂ በ22 እና በ34 ቢነዳ ፔዳሉ በደቂቃ 82 ጊዜ ይዞራል። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እግሩ በአማካይ 103 ኒውተን፣ ማለትም የ10 ኪሎ ተኩል ዕቃ ክብደት ያህል መጫን ይበቃዋል። በ32 እና በ17 ላይ ከቀረ ግን ፔዳሉ በደቂቃ 28 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የሚያስፈልገውም አማካይ ጉልበት ወደ 300 ኒውተን ያድጋል። ይህ የ30 ኪሎ ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ለግማሽ ሰዓት መቀጠል ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከብስክሌት ያስወርዳል።

እንግዲህ ማርሽ በጊዜው መለወጥ አለበት። ሰንሰለቱ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው በሰላም እንዲሻገር ደግሞ ለአፍታ በፔዳል ላይ ያለውን ጫና ማቅለል ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ ዳገት ላይ መግፋት የተቋረጠበት ብስክሌት በየሰከንዱ በሰከንድ 0.98 ሜትር ያህል ፍጥነት ያጣል። 1.8 ሜትር በሰከንድ የነበረው ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ የጎማው የመንከባለል መከላከያ ቅንብር 0.01 ነው ብለን ብናሰላ፣ ያው ፍጥነት እስኪያልቅ 18 ሰከንድ ያህል በፈጀ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ነጂው በዳገት መካከል «ለማቅለል የትኛውን ነው የምጫነው?» ብሎ ካሰበ፣ ከጊዜው አብዛኛው በማሰብ ያልቃል። አንድ ምልክት ሲታይ አንድ ቁልፍ ብቻ መጫን ለሚጠበቅበት ሰው የሚፈጅበት ጊዜ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ምርጫው ሲበዛ ግን ጊዜው ይረዝማል። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊሊያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ የመወሰኛው ጊዜ ከምርጫዎቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር አብሮ ያድጋል። አሳስቶ ደግሞ ከባዱን ማርሽ ካስገባ፣ ለማረም ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ እግሩን መሬት ላይ መትከል አለበት። እግሩ በፔዳል ላይ የታሰረ ከሆነ ከነብስክሌቱ ሊወድቅ ይችላል።

ከጆሮና ከእጅ ወደ እርከን

ማርሽ መለወጥ ሁልጊዜ እንደዛሬው በጣት የሚሠራ ሥራ አልነበረም። በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሰንሰለትን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግር መሣሪያ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ከዳገቱ ሥር ይወርድና የኋላውን ጎማ ፈትቶ፣ በሌላኛው ጎን ባለው ጥርስ እንዲሠራ ገልብጦ ይገጥመው ነበር። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ነጂዎች እጃቸውን ከመሪው ሳያላቅቁ በጣት ንክኪ ብቻ ማርሽ የሚለውጡበት ዘመን ከመጣ ቆይቷል።

በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ለረጅም ጊዜ ያገለገለው በሰበቃ የሚሠራው ማንሻ ነው። ይህ ማንሻ ምንም እርከን የለውም። ነጂው ቀስ ብሎ ያዘነብለዋል፤ ቀጭኑ የብረት ገመድ ይሳባል፤ ከኋላ ያለው አሻጋሪ ክንድ ሰንሰለቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሰንሰለቱ በትክክል መቀመጡን የሚያውቀው በጆሮው ነው። የሚንገጫገጭ ድምፅ ከሰማ ማንሻውን በጥቂቱ ይመልሳል ወይም ይጨምራል። ትክክለኛነቱ በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በነጂው እጅ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ በማንሻው ውስጥ እርከን ያለው መለወጫ አቀረበ። ከዚያ በፊትም ሙከራዎች ነበሩ፤ በሰፊው የተሳካለት ግን ይህኛው ነው። አሁን ማንሻው «ቀጭ» ሲል አንድ ማርሽ ተለወጠ ማለት ነው። ይህ «ቀጭታ» ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በቁጥር እንመልከት። በዘጠኝ ማርሽ ሥርዓት ከኋላ ያሉት ክቦች ከመሐል እስከ መሐል የሚራራቁት 4.35 ሚሊ ሜትር ነው። የሺማኖ ማንሻ በአንድ እርከን ገመዱን የሚስበው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሻጋሪው ክንድ ይህን በ1.7 ገደማ አባዝቶ ሰንሰለቱን ወደሚቀጥለው ክብ ያደርሰዋል። ስለዚህ በገመዱ ላይ የሚፈጠር የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት በሰንሰለቱ ላይ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ሰንሰለቱ እንዲንገጫገጭ ወይም እንዲዘል ይህ ይበቃል።

ሌላው አምራች፣ የአሜሪካው ስራም፣ ለዘጠኝ ማርሽ ሥርዓቱ የተለየ መንገድ መረጠ። ገመዱን በየእርከኑ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይስብና ክንዱ ከሞላ ጎደል ሳያባዛ ያንኑ ያህል ይንቀሳቀሳል። በዚህም ምክንያት የአንዱን ማንሻ ከሌላው ክንድ ጋር ማዳቀል አይቻልም። 4 ሚሊ ሜትር በ1.7 ሲባዛ 6.8 ይሆናልና፣ ሰንሰለቱ የታለመለትን ክብ አልፎ ይሄዳል። አዲስ መለወጫ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ይህን ማጣራት ይኖርበታል።

ገመዱ የሚያልፍበት ሽፋንም የራሱ ፊዚክስ አለው። የፍሬን ገመድ ሽፋን እንደ ሞላ በተጠማዘዘ ሽቦ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው፤ ሆኖም መሪው ሲዞር ሽፋኑ ሲታጠፍ ርዝመቱ በጥቂቱ ይለዋወጣል። ለፍሬን ይህ ምንም አይደለም፤ ለእርከን ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ የማርሽ ገመድ ሽፋን ሽቦዎቹ በቁመት ጎን ለጎን የተደረደሩበት ሆኖ ተሠራ። ይህንኛውን ደግሞ ለፍሬን መጠቀም አደገኛ ነው፤ በከባድ ጉልበት ሲጫን ሊሰነጠቅ ይችላልና።

በመጠምዘዣዎች ላይ የሚፈጠረው ሰበቃ ደግሞ እንደ መታጠፊያው ማዕዘን በኤክስፖነንሻል ሕግ ያድጋል። ይህ መርከበኞች ገመድ በምሰሶ ላይ ሲጠመጥሙ የሚጠቀሙበት ሕግ ነው። የሰበቃው ቅንብር 0.1 ሆኖ ገመዱ በመንገዱ ላይ በድምሩ ግማሽ ክብ ቢታጠፍ፣ ከአንዱ ጫፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሌላው በ37 በመቶ ይበልጣል። ጭቃና ዝገት ቅንብሩን ወደ 0.2 ካሳደጉት ልዩነቱ 87 በመቶ ይደርሳል። ገመዱን ወደ ፊት የሚስበው የነጂው ጣት ነውና ይህን ያሸንፋል። ወደ ኋላ የሚመልሰው ግን የክንዱ ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ማርሹ ወደ ትልልቆቹ ክቦች ደኅና ወጥቶ ወደ ትንንሾቹ ሲወርድ የሚዘገይ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው በቆሸሸ ገመድ ላይ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አንድ አውራ ጣት፣ ሁለት ትርጉም

በተራራ ብስክሌት ላይ የመለወጫው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። መጀመሪያ በመሪው ላይ የተቀመጠ የአውራ ጣት ማንሻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዓይነቶች ተፎካከሩ። አንደኛው እጀታውን በመጠምዘዝ የሚሠራው የስራም መለወጫ ሲሆን፣ ሌላው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚሠራው የሺማኖ ባለ ሁለት ማንሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሺማኖ የፍሬኑን ማንሻ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ማርሽ የሚለውጥ ዕቃ አወጣ። በ2014 ገመድን በሽቦና በሞተር የተካው የኤሌክትሮኒክስ መለወጫ ወደ ተራራ ብስክሌት መጣ። በዚህ ላይ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ነጂው ራሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የተስፋፋውን ባለ ሁለት ማንሻ ብቻ እንመርምር። በቀኝ እጅ አውራ ጣት ትልቁን ማንሻ ስንጫን ገመዱ ይሳባል፤ ሰንሰለቱ ከኋላ ወደ ትልቁ ክብ ይወጣል፤ ማርሹም ይቀላል። በግራ እጅ አውራ ጣት ተመሳሳዩን ማንሻ ስንጫንም ገመዱ ይሳባል፤ ሰንሰለቱ ከፊት ወደ ትልቁ ክብ ይወጣል፤ ማርሹ ግን ይከብዳል! ለሜካኒክ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለቱም አውራ ጣቶች የሞላን ጉልበት እየተቃወሙ ገመድ ይስባሉ። ለነጂው ግን አንዱ ጣት «አቅልል» ሲል ሌላው «አክብድ» ይላል። መሣሪያው የተሠራው በገመዱ አመክንዮ እንጂ በእግሩ አመክንዮ አይደለም።

ሺማኖ ይህን ለማስተካከል ሞክሯል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኋላው ክንድ ሞላ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚስብበትን ዕቃ አቀረበ። ያን ጊዜ ሁለቱም አውራ ጣቶች አንድ ትርጉም ያዙ። በወረቀት ላይ ሲታይ የተሻለው ይህ ነበር። ይሁንና ብዙዎቹ ነጂዎች የቀድሞውን ለምደዋል፤ አዲሱ ዕቃም ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ። ችግሩ በሌላ መንገድ የተቃለለው እ.ኤ.አ. በ2012 ስራም ከፊት አንድ ክብ፣ ከኋላ 11 ክቦች ያሉትን የተራራ ብስክሌት ሥርዓት ሲያወጣ ነው። የግራው መለወጫ ሲወገድ ግጭቱም አብሮ ተወገደ። በ2016 የኋላው ክቦች ቁጥር 12 ደረሰ።

እኔ ራሴ በውጭ አገር በተማርኩባቸው ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲ የምመላለሰው በሚጠመዘዝ እጀታ በሚሠራ ብስክሌት ነበር። በኋላ ወደ ባለ ሁለት ማንሻው ስሸጋገር፣ እጄ ያለ ሐሳብ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። የሁለቱን አሠራር የሚገልጸውን ሥዕል በአንድ ምሽት አጥንቼ ጨርሼው ነበር። የአንድ ምሽትና የሦስት ሳምንት ልዩነት ከየት መጣ?

ራስ የሚያውቀውና እጅ የሚያውቀው

መልሱ አንጎል ዕውቀትን በአንድ መጋዘን ብቻ የማያስቀምጥ መሆኑ ነው። ለዚህ ታላቅ ማስረጃ የሆነው በሳይንሱ ዓለም ለረጅም ጊዜ «ኤች ኤም» በሚል ስያሜ ብቻ የታወቀው ሕመምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲሥል አደረገችው። ይህ በቀኝና በግራ፣ በላይና በታች የሚያምታታ ከባድ ሥራ ነው። ኤች ኤም በሦስት ቀናት ውስጥ እየተሻሻለ ሄዶ በደንብ ሠራው። በየቀኑ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ ይሰማው ነበር። በ1962 ይፋ የሆነው ይህ ውጤት፣ እጅ የተማረውን ራስ ላያውቀው እንደሚችል አሳየ።

የብስክሌት ነጂው ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። ራሱ ያውቃል፤ እጁ ገና አልተማረም። ከዚህም በላይ እጁ ባዶ አይደለም። ቀድሞ የተማረው አለና አዲሱን ይቃወማል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን አሉታዊ የልምድ ሽግግር ይሉታል። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠለጠነ ጸሐፊ በፊደል ድምፅ ላይ ወደተመሠረተ የኮምፒዩተር ገበታ ሲሻገር የሚገጥመው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ከአዲስ ጀማሪ የባሰ የሚቸገረው እርሱ ነው፤ ጣቶቹ አስቀድመው የሚሄዱበትን ቦታ ያውቃሉና።

አሜሪካዊው ጆርጅ ስትራተን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ መነጽር ለስምንት ቀናት አድርጎ እንደኖረ ይተርካል። መጀመሪያ እጁን ወደሚፈልገው ነገር መላክ አቅቶት ነበር፤ በኋላ ግን እንቅስቃሴው እየተቃና መጣ። መነጽሩን ሲያወልቀው ደግሞ የተለመደው ዓለም ለጥቂት ጊዜ እንግዳ ሆነበት። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ደስቲን ሳንድሊን መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጎማው ወደ ቀኝ የሚዞር ብስክሌት መንዳት ተለማመደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ባቀረበው ፊልም እንደገለጸው፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየተለማመደ ለመቻል ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ትንሹ ልጁ የቻለው ግን በሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ወደ ተራው ብስክሌት ሲመለስ ሳንድሊን እንደገና መንዳት አቃተው፤ የድሮው ችሎታ የተመለሰለትም ከ20 ደቂቃ ያህል ሙከራ በኋላ ነበር። የድሮው ልማድ አልጠፋም፤ አዲሱ ስለተደረበበት ብቻ ነው የተሸፈነው።

ፖል ፊትስና ማይክል ፖስነር በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ የክህሎትን ዕድገት በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው እያሰበና ለራሱ እየተናገረ ይሠራል። በሁለተኛው ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ትኩረት ግን ገና ያስፈልገዋል። በሦስተኛው እጁ ራሱ ይሠራል፤ ሐሳቡ ለሌላ ነገር ነጻ ይሆናል። በዳገቱ ላይ ያሉት ሁለት ሰከንዶች የሚበቁት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ላለ ነጂ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ማብራሪያ ሳይሆን ድግግሞሽ ነው። ዕድገቱም መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሆኖ እየቆየ ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ የተሻሻለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ቆምኩ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ስሕተቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የእጅ?

አዲስ መለወጫ የገጠመ ሰው ማርሽ አልገባ ሲለው ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። ለመለየት በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምንማረው የስሕተት ትንተና ይረዳል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ቦታ የሚደጋገም ስሕተት ቋሚ ስሕተት ነው፤ ምንጩም ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ነው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል፣ ሲደክሙና ሲቻኮሉ የሚብስ ስሕተት ደግሞ ምንጩ ሠሪው ነው።

ስለዚህ ማርሹ ሁልጊዜ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ሲሻገር ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ገመዱን መመርመር ይገባል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚላላው በአብዛኛው የሽፋኖቹ ጫፎች በየቦታቸው እየተቀመጡ ስለሚሄዱ ነው። መፍትሔው በክንዱ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎን ነው። የዚህ ብሎን ጥርስ በአንድ ዙር 0.8 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በሩብ ዙር ገመዱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ይወጠራል፤ ሰንሰለቱም ወደ 0.34 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሩብ ዙር አዙሮ፣ ሞክሮ፣ እንደገና ሩብ ዙር ማዞር በቂ ነው። በተቃራኒው፣ ማርሹ በእርጋታ ሲለወጥ ትክክል ሆኖ በዳገት ላይ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ብሎኑን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ የሚስተካከለው እጅ ነው።

ታዲያ እጅ እንዴት ይስተካከል?

ከላይ የተመለከትናቸው ቁጥሮችና ጥናቶች የሚከተለውን ያመለክታሉ።

አንደኛ፣ ልምምዱ በሜዳ ይጀመር። በሜዳ ላይ ለማረም ያለው ጊዜ በዳገት ላይ ካለው አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ወደ ዳገት መሄድ የሚገባው ጣት ሳያስቡት ወደ ትክክለኛው ማንሻ ሲሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀኝ እጅን ብቻ ማሠራት ይበጃል። ሰንሰለቱን ከፊት በመካከለኛው ክብ ላይ ትቶ ከኋላ ብቻ መለዋወጥ የሁለቱን አውራ ጣቶች ግጭት ያስቀራል። ግራው የሚጨመረው ቀኙ ሲጸና ነው።

ሦስተኛ፣ ጣትን ከማንሻው ጋር ሳይሆን ከእግር ስሜት ጋር ማስተሳሰር ያስፈልጋል። «አውራ ጣት ትልቁን ክብ ያወጣል» ብሎ ከመሸምደድ ይልቅ፣ እግር ሲከብደው ቀኝ አውራ ጣት እንዲሠራ ማለማመድ የተሻለ ነው። በመንገድ ላይ ነጂው የሚያገኘው ምልክት የክቡ ሥዕል ሳይሆን የእግሩ ክብደት ነውና።

አራተኛ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመለማመድ ይልቅ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለስምንት ቀን መለማመድ ይመረጣል። የተራራቀ ልምምድ ከተጨናነቀው የበለጠ እንደሚጸና፣ በመካከል ያለው እንቅልፍም የተማርነውን እንቅስቃሴ እንደሚያጸና በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል።

አምስተኛ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መለወጥን ልማድ ማድረግ ነው። ፍጥነት ሳያልቅ የተለወጠ ማርሽ ጫና የለበትም፤ ሰንሰለትንም፣ ጥርስንም፣ ጉልበትንም ያተርፋል።

ከብስክሌቱ ባሻገር

የማርሽ መለወጫ ታሪክ አንድ አቅጣጫ አለው። ቀድሞ በነጂው ጆሮና እጅ ውስጥ የነበረው ትክክለኛነት ቀስ በቀስ ወደ እርከኑ፣ ወደ ገመዱ ሽፋን፣ በመጨረሻም ወደ ሞተሩ ተዛውሯል። መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ከሰው የሚጠበቀው ክህሎት እያነሰ ሄዷል። ሆኖም ዜሮ አልሆነም። የትኛው ጣት መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቅ እጅ ዛሬም ያስፈልጋል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ኩባንያ በካርቶን አሽጎ አይሸጠውም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ በየዓመቱ የማየው ይህንኑ ነው። የኦሲሎስኮፕን አሠራር በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ የጻፈ ተማሪ፣ መሣሪያው ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብዙውን ጊዜም «ትምህርቱ አልገባኝም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ትክክል አይደለም። ትምህርቱ ለራሱ ገብቶታል፤ ለእጁ ግን ገና አልደረሰም። የሚያስፈልገው ሌላ መጽሐፍ ሳይሆን መሣሪያውን እየነኩ የሚያሳልፉት ተጨማሪ ሰዓት ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት የተለየ መሣሪያ ለምዶ የመጣው ተማሪም ከጓደኞቹ ቢዘገይ የአቅም ማነስ ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። እርሱ ሁለት ሥራ ነው የያዘው፤ አዲሱን ይማራል፤ አሮጌውን ዝም ያሰኛል። መምህራንም ተማሪን ከመመዘናችን በፊት እጁ የሚማርበት ጊዜ ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ አዲስ መሣሪያ በእጃችሁ ሲገባ ሥዕሉንና ሕጉን በአንድ ምሽት ማጥናት ትችላላችሁ፤ አጥኑትም። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡትን ሳምንታት ለእጃችሁ ተዉለት።